ስለ ሰፈር መንገድና ስለ መኪና ፍጥነት



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ሰፈራችን መንገድ የተነሣው ክርክር ሳይቋጭ በመምሸቱ ለሚመጣው ጉባኤ መተላለፉ ይታወሳል። የክርክሩን መነሻ ሁላችንም እናውቀዋለን። መንገዱ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ፣ ዋናው መንገድ በተጨናነቀ ቁጥር በሰፈራችን መሐል የሚያቋርጡ መኪኖችና ሞተር ብስክሌቶች እየበረሩ ማለፍ ጀምረዋል። ከፊሎቻችን «ገንዘብ እናዋጣ፤ ድንጋይና ሲሚንቶ ገዝተን በገዛ እጃችን ጉብታ እንሥራበት» አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ነገ ጠያቂ ሲመጣ ማን ይመልሳል?» አልን። ሁለቱም ወገን የሚናገረው አለው። ነገር ግን ጉዳዩ በእኛ ሰፈር የተጀመረ አይደለም፤ ሌላውም ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ሲጨቃጨቅበት ኖሯል። ስለዚህ ያነበብነውንና ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቀን የተረዳነውን በዚህ መጽሔት ብናቀርብ ለሚመጣው ጉባኤ ስንቅ ይሆናል ብለን አሰብን።

«የእድር ሥራ ቀብር ነው፤ ከመንገድ ጋራ ምን አገናኘው?» የሚል አባል ቢኖር የእድራችንን መዝገብ አንድ ጊዜ እንዲያገላብጥ እንጋብዘዋለን። በመዝገቡ ላይ ከሟች ስም ትይዩ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለ። «በሕመም»፣ «በእርጅና»፣ «በወሊድ» ከሚሉት ቃላት መሐል «በመኪና» የሚልም ይገኛል። ዕድሜ ለጠገበ ሰው ድንኳን ስንተክል እናለቅሳለን፣ እንጽናናለንም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ለቀረች ልጅ ስንተክል ግን ዓይን ለዓይን መተያየት ያቅተናል። ድንኳን ተከላና ንፍሮ ቅቀላ የእድር ሥራ ከሆነ፣ ድንኳኑ ያለ ጊዜው እንዳይተከል ማሰብም የእድር ሥራ ነው እንላለን።

ወደ ታሪኩ እንግባ።

ተሽከርካሪን «ቀስ በል» ካሉት ሕጎች ስመ ጥሩው የወጣው የቤንዚን መኪና ገና ሳይፈጠር ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1865 ባወጡት ሕግ በእንፋሎት የሚሄድ ተሽከርካሪ በገጠር መንገድ በሰዓት ከ6 ኪሎሜትር ተኩል ገደማ፣ በከተማ ውስጥ ደግሞ ከ3 ኪሎሜትር ጥቂት ከፍ ከሚል ፍጥነት በላይ እንዳይሄድ ተከለከለ። ይህም አልበቃ ብሎ አንድ ሰው ቀይ ባንዲራ ይዞ ከማሽኑ 55 ሜትር ያህል ቀድሞ በእግሩ እንዲጓዝ ታዘዘ። ዛሬ ሲነገር ያስቃል። ለእኛ ግን ያን ያህል እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችንም መኳንንት ሲያልፉ ፊት ፊት እየሄደ «ዞር በል!» እያለ መንገድ የሚያስለቅቅ አሽከር ነበር። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የእኛው አሽከር ሕዝቡን ለጌታው ያስለቅቅ ነበር፣ የእንግሊዙ ባለ ባንዲራ ግን ማሽኑን በሰው እርምጃ ልክ ያስኬደው ነበር። መንገዱ የእግረኛ ነው፣ ማሽኑ እንግዳ ነው እንደ ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1896 ሕጉ ተሻረና ፍጥነቱ ወደ 22 ኪሎሜትር ገደማ ከፍ አለ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ ሕጉ ገና ሳይለወጥ፣ ለንደን ውስጥ ክሪስታል ፓላስ በሚባለው ሥፍራ አንዲት የ44 ዓመት እናት ለትርዒት በመጣ መኪና ተገጭታ ሞተች። በእንግሊዝ አገር በቤንዚን መኪና የሞተች የመጀመሪያዋ እግረኛ እርሷ መሆንዋ ይነገራል። መኪናው በሰዓት 6 ኪሎሜትር ተኩል ያህል ነበር የሚሄደው ተባለ። የአሟሟቱን ምክንያት የመረመረው ሹም እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ እንዳይደርስ ተስፋ ማድረጉን መግለጡ ይተረካል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ ግን በዓለም ላይ በየዓመቱ በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ከበሽታ ሁሉ ይበልጥ የሚገድለውም ይኸው ነው። የሹሙ ተስፋ ምን ያህል እንደ ያዘ አባሎቻችን ይመልከቱት።

በአገራችን መኪና የታየው በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ዳር አንሥቶ ያን ሁሉ በረሃና ዳገት አልፎ አዲስ አበባ አስገባው። ያን ጊዜ ስለ ፍጥነት የሚጨነቅ አልነበረም፤ መንገዱ ራሱ ፍሬን ነበርና። ጭቃው፣ ድንጋዩ፣ አህያውና በጉ መኪናውን በእግር እርምጃ ያስኬዱት ነበር። እኛም ብንሆን ሰፈራችን ኮረኮንች በነበረ ጊዜ «መንገድ ይሠራልን» ብለን ስንት ጊዜ አቤት አልን! ተሠራልን፤ እሰየው። ነገር ግን ኮረኮንቹ አቧራውንና ጭቃውን ብቻ ይዞ አልሄደም፤ ያለ ደሞዝ ሲያገለግለን የነበረውን ዘበኛም ይዞብን ሄዷል።

ስለ ሕግ ብቻ ለሚያወሩ አባሎች ደግሞ የእንግሊዞቹን የኋላ ታሪክ እንንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1903 የፍጥነት ወሰኑ 32 ኪሎሜትር ሆነ። ሾፌር ሁሉ ጣሰው። ፖሊስ አሳዶ አልቻለም፤ ፍርድ ቤቱም በክስ ተጨናነቀ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1930 «ማንም የማያከብረው ሕግ ምን ያደርጋል» ተብሎ የትንንሽ መኪኖች ወሰን ጭራሹኑ ተነሣ። ውጤቱ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1934 በአንድ ዓመት ብቻ 7,343 ሰው በመንገድ ላይ አለቀ። ሆር ቤሊሻ የተባለው የትራንስፖርት ሚኒስትር ተነሥቶ ከመጋቢት 1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ተሠርቶ ሰው በሚኖርበት ሥፍራ ሁሉ መኪና ከ48 ኪሎሜትር በላይ እንዳይሄድ አስደረገ፤ የእግረኛ ማቋረጫውንም በመብራት ምሰሶ አሳመረ። ዛሬ በዚያ አገር መኪናው ከያኔው እጅግ ብዙ እጥፍ ሆኖ ሳለ በ2023 እ.ኤ.አ. የሞተው 1,600 ያህል ነው። ሕግ ከነአካቴው አይጠቅምም ማለት ሐሰት ነው። ሕግ ብቻውን ይበቃል ማለትም እንዲሁ።

አሜሪካኖች ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ቻተም የምትባል አነስተኛ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1906 የእግረኛ ማቋረጫዎችዋን በጠፍጣፋ ድንጋይና በኮብልስቶን ከመንገዱ 12 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋ ሠራች። የሚበር መኪና ሲደርስ መነጠሩ አይቀርም። ስለዚህ «ጉብታ እንሥራ» ያላችሁ አባሎች ሐሳባችሁ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው፤ አትፈሩ።

በሲንሲናቲ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1923 ወደ 42 ሺህ ሰው ፈርሞ አንድ ጥያቄ አቀረበ። ጥያቄው በከተማው ያለ መኪና ሁሉ በሰዓት ከ40 ኪሎሜትር በላይ መሄድ የማያስችል መቆጣጠሪያ በሞተሩ ላይ ይግጠም የሚል ነበር። ሾፌሩን ከመለመን መኪናውን እንሰር ማለታቸው ነው። የመኪና ነጋዴዎች ይህን ሲሰሙ ደነገጡ፤ መኪና የሚሸጠው በፍጥነቱ ነዋ! ገንዘባቸውን አፍስሰው ቅስቀሳ አደረጉ፤ በኅዳር ወር ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ ጥያቄው በከፍተኛ ድምፅ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ጥፋቱ ወደ እግረኛው ዞረ። በዘፈቀደ መንገድ ለሚያቋርጥ ሰው አንድ የስድብ ስም ተስፋፋ። የስሙ ፍቺ ከተማ የማያውቅ፣ ግር ያለው ባላገር እንደ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ በእኛም አገር መኪና ሲመጣበት የደነገጠ እግረኛ የሚሰማው ስድብ ይኸው ነው፤ «አንተ ባላገር፣ አታይም!» ባሕር ተሻግሮ ያለ ሰውና የእኛ ሾፌር አንድ ስድብ ላይ እንዴት ተገናኙ? መልሱ ቀላል ይመስለናል። ጥፋትን ከራስ ላይ ለማውረድ ሌላውን አላዋቂ ማለት በየትም አገር ይቀናል። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1925 እግረኛው በተመደበለት ሥፍራ ብቻ እንዲሻገር የሚያስገድድ ደንብ አወጣች፤ ሌሎቹም ከተሞች ተከተሏት። እንዲህ ሆኖ በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ መንገዱ ከልጅ መጫወቻነት ወደ መኪና ንብረትነት ተዛወረ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልንነግራችሁ የፈለግነው የሆላንዶችን ነገር ነው።

ሆላንድ ዛሬ የብስክሌት አገር ስለምትባል ከጥንት ጀምሮ እንዲያው የነበረች ይመስለናል። አልነበረችም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕዝቡ ኑሮው ሲሻሻል መኪና ገዛ፤ መንገዱ ሰፋ፤ ዛፉ ተቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሕዝብዋ 13 ሚሊዮን በሆነ በዚያች ትንሽ አገር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ሞተ። ከነዚህም ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ባዶውን ቀረ ማለት እኮ ነው።

በዚያ ዓመት ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ ቪክ ላንገንሆፍ የተባለ ጋዜጠኛ በ1972 እ.ኤ.አ. በሚሠራበት ጋዜጣ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ርእሱ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል ነበር። «አደጋ» አላለም፤ «ግድያ» አለ። በዚህ ቃል ብዙ ሰው ተቆጣ፤ ብዙ ወላጅ ግን ተነሣ። በጽሑፉ ርእስ የተሰየመ ማኅበር ተቋቋመ፤ የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ማርትየ ፋን ፑተን ኋላ የአውሮፓ ፓርላማ አባል እስከ መሆን ደርሳለች። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው አደባባይ ወጡ፤ አደጋ የበዛበትን መንገድ ዘግተው ጠረጴዛ ዘረጉበት። አምስተርዳም ውስጥ ደ ፓይፕ በሚባለው የተጨናነቀ ሰፈር ደግሞ ሕፃናቱ ራሳቸው በ1972 እ.ኤ.አ. መንገድ ዘግተው መጫወቻ ይሰጠን ሲሉ በፊልም ተቀርጿል። እንቅፋቱን ለማንሣት ከልጆቹ ጋራ የታገለ ጎልማሳም በፊልሙ ላይ ይታያል። አቤት ጉድ! መቼም ቸኩሎ ያበደ ሰው በየአገሩ አይጠፋም።

በመሐሉ የነዳጅ ችግር መጣ። ዐረቦች ነዳጅ አንሸጥም ሲሉ ሆላንዶች ከኅዳር 1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከሉ። ሕዝቡም በእሑዱ በባዶው አውራ ጎዳና ላይ በእግሩም በብስክሌቱም ተንሸራሸረበት፤ የተወሰደበት መንገድ ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበር በዓይኑ አየ። ይህ በእኛ ዘመን አቆጣጠር 1966 ዓ.ም. መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ያው የነዳጅ ችግር እኛ ዘንድ ሲደርስ የቤንዚን ዋጋ ተጨመረና በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ታላላቆቻችን ያውቁታል። አንዱ ችግር እዚያ ለሕፃናት መንገድ ከፈተ፣ እዚህ ሌላ ነገር ከፈተ።

አሁን ወደ ደልፍት ከተማ እንሂድ። በዚያ ከተማ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ የመኪናው ሩጫ ያስመረራቸው ነዋሪዎች ሌሊት ወጥተው የመንገዱን ንጣፍ ድንጋይ ነቃቅለው መኪና እየተጠማዘዘ ካልሆነ እንዳያልፍ አደረጉ ተብሎ ይተረካል። በእኛ አገር ቢሆን ወረዳው በማግስቱ ጠርቶ ያነጋግረን ነበር። የደልፍት ማዘጋጃ ቤት ግን ሐሳቡን ተቀበለው። ዮስት ፋል የተባለ የከተማው መሐንዲስና ባልደረቦቹ አጠኑት። ከዚያም ለእግረኛና ለመኪና ተብሎ የተከፈለውን መንገድ አንድ ወጥ አደረጉት፤ የእግረኛውን ጠርዝ አነሡት፤ ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበርና የአበባ ሣጥን አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አቆሙ። ሾፌሩ ፊት ለፊት የሚያየው ቀጥ ያለ መሮጫ ሳይሆን የሰው ደጅ ሆነ። ስሙንም «ዎንኤርፍ» አሉት፤ በእኛ ቋንቋ «የመኖሪያ ግቢ» እንደ ማለት ነው።

ግቢ! እኛ ይህን ቃል ስንሰማ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ሰው ግቢ ውስጥ መኪና ይዞ የሚገባው እንዴት ነው? እያየ፣ እየቆመ፣ ልጅ እንዳለ እያረጋገጠ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የአገሩ መንግሥት ለዚህ ዓይነት መንገድ ሕግ አወጣለት። እግረኛ የመንገዱን ሙሉ ስፋት ሊሄድበት፣ ሕፃናትም ሊጫወቱበት ተፈቀደ፤ መኪና በእግር እርምጃ ብቻ እንዲያልፍ ታዘዘ፤ እግረኛውም ሆን ብሎ መኪና እንዳያግድ ተነገረው። የ1865ቱ ባለ ባንዲራ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። ሆላንድ በ2023 እ.ኤ.አ. በመንገድ አደጋ ያጣችው ሰው ከ700 በታች ነው፤ ሕዝብዋ ግን ወደ 18 ሚሊዮን ደርሷል። በእርግጥ የሐኪም ቤቱ መሻሻል፣ የመቀመጫ ቀበቶውም፣ የብስክሌት መንገዱም አለበት። ቢሆንም የተጀመረው በወላጆች ጩኸት ነው።

ስለ ጉብታ ደግሞ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ የእኛ ክርክር በዚህ ላይ ነውና።

አሜሪካ ውስጥ አርተር ኮምፕተን የሚባል ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 የኖቤል ሽልማት የወሰደ፣ ኋላም በአቶሚክ ቦምቡ ሥራ የተካፈለ ሰው ነው። ሴንት ልዊስ ከተማ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሳለ በግቢው የሚበሩት መኪኖች አላስቀምጥ ቢሉት፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ለመንገዱ የሚሆን ጉብታ በራሱ ስሌት ነደፈ። አቶምን ያህል ነገር የመረመረ ሰው ከበሩ ፊት የሚያልፍ ሾፌር ማሸነፍ ሲያቅተው ጉብታ ላይ መድረሱ አይገርምም?

ቁም ነገሩ ግን የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ዋትስ የተባለ ተመራማሪ በመንግሥት የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ልዩ ልዩ ቅርፅ ያላቸውን ጉብታዎች እያሠራ በየዓይነቱ መኪና ሞከረና በ1973 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አወጣ። ያገኘውን ለማስረዳት እንሞክር። አጭርና ሹል ጉብታ፣ ማለት እኛ ሰፈር ለሰፈር ሲሠራ የምናየው ዓይነት፣ ቀስ ብሎ የመጣውን ሾፌር በደንብ ያንገጫግጨዋል። በኃይል የመጣው ግን ጎማውና ባሌስትራው ድንጋጤውን ውጠው ያስቀሩለትና «ጓ!» አድርጎ ያልፋል፤ ወገቡ ብዙም አይሰማው። እንግዲህ አጭር ጉብታ የሚቀጣው ጨዋውን ሾፌር ነው ማለት ነው! ዋለጌው ያመልጣል። ዋትስ ይህን አይቶ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር፣ ከፍታው መሐሉ ላይ 10 ሳንቲሜትር የሆነ፣ እንደ በሬ ጀርባ ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ ጉብታ አዘጋጀ። በዚህ ላይ ቀስ ብሎ የመጣ ሰው ምንም አይሆንም። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ግን ሰውነቱ ከመቀመጫው እየተነሣ ይመጣል። በ1975 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ከተማ በሕዝብ መንገድ ላይ ተሞከረ፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተሠራጨ።

ኋላ የተጨመሩም ነገሮች አሉ። አንዱ ጉብታ ብቻውን ቢቀመጥ ሾፌር እርሱን አልፎ ይበራል፤ ስለዚህ በየ60 ወይም በየ100 ሜትሩ ገደማ መደጋገም አለበት። አምቡላንስ በሽተኛ ይዞ፣ እሳት አደጋም ውኃ ተሸክሞ ሲያልፍ እንዳይቸገር፣ በትራስ መልክ ጠበብ ተደርጎ የሚሠራ አለ፤ ትልቁ መኪና በሁለት ጎማው መሐል አድርጎት ያልፋል፤ ትንሹ ግን አያመልጥም። የጎርፍ ቦይ ሳይደፈን መቅረት አለበት፤ ያለዚያ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ቤታችን ይገባል። ቀለምና ምልክትም ያሻዋል፤ ያልተቀባ ጉብታ በማታ ለሞተር ብስክሌተኛ ጉድጓድ ቆፍሮ እንደ መጠበቅ ነው። በየሰፈሩ ነዋሪ ተቆጥቶ ባንድ ቀን ያፈሰሰው የሲሚንቶ ክምር ወላድ ይዞ የሚሄደውን መኪና ሲያንገጫግጭ የሚበረውን ግን ሳያስቆም ሲቀር ሁላችንም አይተናል። የእንግሊዙ ሊቅ ምክንያቱን ነገረን እንጂ ነገሩንስ እናውቀው ነበር።

ደግሞስ ጥቂት ኪሎሜትር መቀነስ ምን ያመጣል የሚል ካለ ይህን ይስማ። የእንግሊዞች የአነዳድ መመሪያ እንደሚለው በሰዓት 32 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና ሾፌሩ አይቶ፣ ፍሬን ይዞ እስኪቆም 12 ሜትር ይፈጃል። በ48 ሲሄድ 23 ሜትር፣ በ64 ሲሄድ 36 ሜትር ነው። ይህም መንገዱ ደረቅ፣ ፍሬኑ ደኅና ሲሆን ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ምቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ኳስ ተከትላ በ15 ሜትር ርቀት ላይ ዘው ያለች ልጅ በ32 ከሚሄደው ትተርፋለች፤ በ48 የሚሄደው ግን ገና ፍሬን መርገጥ ከመጀመሩ ይደርስባታል። ልዩነቱ ለሾፌሩ ጥቂት ሴኮንድ ነው። የሰፈራችንን መንገድ ከዳር እስከ ዳር በ30 ቢያልፈው በ60 ከሚያልፈው የሚያንሰው አንድ ሲጋራ የሚለኮስበትን ጊዜ ያህል ነው።

ስለዚህም ብዙ ከተሞች 30 ላይ ተስማምተዋል። የጀርመኗ ቡክስተሁደ በ1983 እ.ኤ.አ. ሞከረችው። የኦስትሪያዋ ግራዝ በ1992 እ.ኤ.አ. ከዋና ዋና መንገዶች በስተቀር ከተማዋን በሙሉ 30 አደረገች። ስፔይን በ2021 እ.ኤ.አ. በየከተማው ወዲህና ወዲያ አንድ አንድ መሥመር ባላቸው መንገዶች ላይ አወጀችው። ሄልሲንኪ ውስጥ በ2019 እ.ኤ.አ. ዓመቱን በሙሉ አንድም እግረኛ በመኪና አልሞተም። በ2020 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡት የመንግሥታት ሚኒስትሮችም ሰውና መኪና በሚቀላቀሉበት ሥፍራ ከ30 በላይ እንዳይኬድ ተስማምተዋል።

«ይህ የፈረንጅ ነው፤ የእኛ ሾፌር ልማዱን አይለቅም» የሚባለውን አንቀበልም። ይህ አገር እስከ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ በኩል ይነዳ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በአንድ ቀን ሾፌሩ ሁሉ ወደ ቀኝ ዞረ። በግራ መንዳትን ያህል ሥር የሰደደ ልማድ የለቀቀ ሾፌር የቤንዚን መርገጫውን አንድ ጣት ያህል ማንሣት አይከብደውም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በእሑድ መንገድ ሲዘጋም ልጆች ኳስና ብስክሌት ይዘው አስፋልቱን እንዴት እንደ ሞሉት አይተናል።

ከዚህም የሚቀርብ ምስክር አለን። የእድራችን ድንኳን በመንገዱ ጠርዝ ሲተከል መኪናዎች ምን ያደርጋሉ? ሾፌሩ ገና ከሩቅ ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሙዚቃውን ይዘጋል፤ አንዳንዱም ባርኔጣውን ያወልቃል። በእግር እርምጃ አልፎ ይሄዳል። የሚከለክለው ፖሊስ የለም፤ ጉብታም የለም። ሰው እንዳለ ስላየ ብቻ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ መንገዳችን የሆላንዶች «ግቢ» ሆኖ ይሰነብታል፤ ድንኳኑ ሲነቀል ሩጫው በዚያው ሰዓት ይጀመራል። ደልፍቶች በዛፍና በወንበር ያደረጉትን እኛ በሞት ብቻ ስናደርገው ኖረናል።

እንግዲህ ለሚመጣው ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በራሳችን ሲሚንቶ ማፍሰሱ ይቅር፤ ዝም ብሎ መጠበቁም ይቅር። እድሩ በማኅተሙ ለወረዳው ደብዳቤ ይጻፍ፤ ለመንገዱ ባለቤት መሥሪያ ቤትም ግልባጭ ይሂድ። ደብዳቤው «ችግር አለብን» ብቻ አይበል። መኪናው በየትኛው ሰዓት እንደሚበዛ፣ ልጆች የሚሻገሩበት የትኛው ሥፍራ እንደ ሆነ፣ ጉብታው ስንት ሜትር ርዝመት እንዲኖረውና በየስንት ሜትሩ እንዲደገም እንደምንፈልግ፣ የጎርፉ ቦይ በየት እንደሚያልፍ ይዘርዝር። መዋጮ የሚያስፈልግ ከሆነ በመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ልክ ለሚሠራ ሥራ እናዋጣ። በሁለቱ መግቢያዎች ላይ ዛፍ ለመትከልም ፈቃድ እንጠይቅ። ከሚበሩት መሐል የራሳችን ልጆች፣ የራሳችንም መኪናዎች እንዳሉ ስለምናውቅ፣ የእድሩ አባል የሆነ ባለ መኪናና ባለ ሞተር ሁሉ ከሰፈሩ መግቢያ ጀምሮ በ30 እንዲነዳ በውስጥ ደንባችን ይጨመር። በቀብር ለቀረ ሰው መቀጮ እንዳለን ሁሉ ለዚህም መቀጮ መወሰን ያለበት ጉባኤው ነው።

መንገዱን የሚለኩ፣ የሚያልፈውንም መኪና በሰዓት የሚቆጥሩ ስድስት ወጣቶች ያስፈልጋሉ። ሥራው የሚጀመረው ከጉባኤው በፊት ባለው ቅዳሜ ጧት በ1 ሰዓት ከእድሩ ቤት በር ላይ ነው። የ50 ሜትር መለኪያ ያለው አባል ይዞ ይምጣ፤ የእድሩ መለኪያ ድንኳን ሲተከል ተበጥሷል።